የሰማዩ ሎኬሽን፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ሰሞኑን ሁለት ስልክ በአንድ ኪስ ይዤ ነው የምዞረው። አንዱ አሮጌ ነው። የሚሰማው አንድ የሳተላይት ስርዓት ብቻ ነው። ሌላው አዲስ ነው፤ አራቱንም ይሰማል፣ ያውም በሁለት ፍሪኩዌንሲ። በሁለቱም ላይ መንገድ የሚመዘግበውን አፕ ከፍቼ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ በረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ያልፍና መጨረሻው ላይ ወንዝ ዳር ይወጣል። ቤት ገብቼ ካርታው ላይ ሳየው፣ በአሮጌው ስልክ አባባል ግድግዳ ሰንጥቄ አልፌያለሁ፣ የሰው ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ጫማዬ ግን ደረቅ ነው። በአዲሱ ስልክ ላይ እንደ ጨዋ ሰው የእግረኛውን መንገድ ይዤ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ስልክ ላወዳድር አይደለም የተነሳሁት። ስልክ ጆሮ ነው። መገምገም የፈለግኩት ከላይ ሆነው የሚያወሩትን ነው፦ የአሜሪካን ጂፒኤስ፣ የአውሮፓን ጋሊሊዮ፣ የሩሲያን ግሎናስ፣ የቻይናን ቤይዱ። በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን። ውል አልፈረምንም። ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። እንግዲህ ደንበኛ ነን፤ ደንበኛ ደግሞ አስተያየት ይሰጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ብዙ ሰው ሳተላይቱ የሚያየው ይመስለዋል። አያየንም። እዚያ ላይ ሆኖ የሚለው ነገር ቢኖር "እኔ እዚህ ነኝ፣ በእኔ ሰዓት ይሄን ያህል ሆኗል" ነው። የቀረውን የሚሠራው ስልኩ ነው። ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ይለካና ርቀቱን ያወጣል። ቦታን ለማግኘት ሦስት ሳተላይት በበቃ ነበር፤ ግን የስልኩ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ አይታመንም፤ እሱን ለማረም አራተኛ ያስፈልጋል። የአንድ ናኖሰከንድ ስህተት፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ መሬት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ነው ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው የሚዞሩት። ጂፒኤሶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጋሊሊዮዎቹ ደግሞ 23,222 ላይ። የጂፒኤስ ሰዓት እዚያ ላይ ሆኖ ከእኛው በቀን 38 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ 38 ሚሊዮንኛ) ያህል ይፈጥናል፤ አንስታይን ይሆናል ያለው ነው የሆነው። ይሄ አስቀድሞ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር።

አዲሱን ስልክ ይዤ ገላጣ ሜዳ ላይ ስቆም ሳተላይት የሚቆጥረው አፕ 38 አሳየኝ። አሮጌው 9። ሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ሁለቱም በአምስት ሜትር ገደማ ያገኙኛል። ጉዱ የሚታየው ሕንፃ መሃል ሲገባ ነው። ከላይ የሚታየው ሰማይ እንደ ጥብጣብ ይቀጥናል። ከ9ኙ ሦስት አራት ይቀራሉ፤ እነሱም ምልክታቸው መስታወት ግድግዳ ላይ ነጥሮ ነው የሚመጣው። ነጥሮ የመጣ ምልክት ዙሪያ ጥምጥም ስለሄደ ርቀቱ ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ስልኩ ደግሞ አምኖት ወንዝ ውስጥ ይከተኛል። ከ38ቱ ግን ደርዘን ያህል ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ስልኩ የሚያሳስተውን ከማያሳስተው አስተያይቶ የመጣል ዕድል ያገኛል። ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲም ይረዳዋል፤ ምልክቱ ሰፋ ብሎ ስለሚሠራጭ የነጠረውንና ቀጥታ የመጣውን ለመለየት ይቀላል።

እንግዲህ ለእኔ የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የአራቱን ባለቤቶች ስም አንድ ላይ ጥሩና ተመልከቱ። በሌላው ጉዳይ አንዳንዶቹ ዓይንና ናጫ ናቸው። ስልኬ ውስጥ ግን ቁጭ ብለው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። 1575.42 ሜጋኸርዝ የምትባል አንዲት ፍሪኩዌንሲ ላይ ጂፒኤስም፣ ጋሊሊዮም፣ ቤይዱም ሳይረባበሹ ያወራሉ፤ ግሎናስ ትንሽ ከፍ ብሎ ጎረቤት ላይ ነው፣ እያንዳንዱን ሳተላይት በየራሱ ፍሪኩዌንሲ የማናገር የቆየ ልማድ አለው፣ አዳዲሶቹ ሳተላይቶቹ ግን የሌሎቹንም ዘዴ ጨምረዋል።

ይሄ በአጋጣሚ አልመጣም። ተጣልተውበት ነው የመጣው።

አውሮፓ ጋሊሊዮን ስታቅድ ለመንግሥታት ብቻ የሚሆነውን ምስጢራዊ ምልክት አሜሪካ ለአዲሱ ወታደራዊ ምልክቷ ከያዘችው ቦታ ላይ ልትደርበው ፈልጋ ነበር። አሜሪካኖቹ ደነገጡ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ጦርነት ቢነሳና ጠላት በጋሊሊዮ ቢጠቀም፣ እሱን ላፍን ብለው ሲነሱ የራሳቸውንም ማፈናቸው ነው። ለዓመታት ተነታረኩ። በመጨረሻ በጁን 2004 አየርላንድ ውስጥ ድሮምላንድ በሚባል ቤተ መንግሥት ተፈራረሙ። አውሮፓ ምስጢራዊ ምልክቷን ከዚያ ቦታ አነሳች፤ ለሕዝብ በሚለቀቀው ምልክት ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት አሠራር ለመከተል ተስማሙ፤ በ2007 ያንኑ አሻሽለው ደገሙት። ዛሬ አንድ አንቴናና አንዲት ትንሽ ቺፕ ሁለቱን ያለ ችግር የምትሰማው በዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ለዚህ ፊርማ ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ እሰጣለሁ።

የቻይናው መንገድ ሌላ ነው። በ2003 የጋሊሊዮ ሸሪክ ለመሆን ፈርማ ነበር። ሽርክናው አልዘለቀም። ቤቷን ለብቻዋ ሠራች፣ ለዚያውም ከአውሮፓ ጋር የፍሪኩዌንሲ ጭቅጭቅ ሳይቀር። የመጨረሻዋ የቤይዱ 3 ሳተላይት በጁን 2020 መጠቀች። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2017 መጨረሻ፣ ቻይናና አሜሪካ የሁለቱ አዳዲስ የሲቪል ምልክቶች ተናባቢ መሆናቸውን በጋራ መግለጫ አረጋግጠው ነበር። ጃፓንም ሚቺቢኪ የምትላቸውን ሳተላይቶች የሠራችው ከጂፒኤስ ጋር አንድ ዓይነት ምልክት እንዲለቁ አድርጋ ነው፤ በጃፓን ሰማይ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከአናት በላይ ስለሚቆዩ ፎቅ ለበዛባቸው ከተሞች ተስማሚ ናቸው። ህንድም ናቪክ የሚባል የአካባቢዋን ስርዓት አላት።

የሚያስቀኝ ግን ሰዓታቸው ነው። በሰዓት የሚኖሩ ስርዓቶች አንድ ሰዓት የላቸውም! ጂፒኤስ መቁጠር የጀመረው በጃንዋሪ 1980 ነው፤ ዓለም አልፎ አልፎ ሰዓቱ ላይ የሚጨምራትን አንድ ሰከንድ እሱ አይጨምርም፤ ስለዚህ ከ2017 ጀምሮ ከዓለም ሰዓት 18 ሰከንድ ቀድሞ ይሄዳል። ቤይዱ በ2006 ጀመረ፤ እሱም ሰከንዷን አይጨምርም፤ ከጂፒኤስ 14 ሰከንድ ወደ ኋላ ነው። ግሎናስ ይጨምራል፤ በሞስኮ ሰዓት ነው የሚሄደው። ጋሊሊዮ ሲመጣ ከጂፒኤስ ጋር ልክ እንዲሆን ተደረገ፤ በመካከላቸው የምትቀረውን የናኖሰከንድ ልዩነት እንኳ ራሱ በምልክቱ ውስጥ ይናገራል። ብርሃን በ14 ሰከንድ ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄድ አስቡት። ይሄን ሁሉ በየሰከንዱ እያስታረቀ ሰማያዊዋን ነጥብ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያስቀምጥ ስልክ "ቀሰስ አለብኝ" ተብሎ ሲሰደብ ሳይ ያሳዝነኛል። የካርታ መነሻቸውም እንዲሁ የተለያየ ነበር፤ የግሎናሱ ድሮ ከጂፒኤሱ በሜትሮች ይርቅ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም ወደ አንድ ዓለም አቀፍ ማጣቀሻ ተጠግተው ልዩነቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ሆኗል።

ሰዎቹ ስለዚህ ሁሉ የሚነጋገሩበት ኮሚቴ አለ። በ2005 ቪየና ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር የተቋቋመ ነው፤ ሥራው የሳተላይት ናቪጌሽን ስርዓቶችን ማቀራረብ ነው። ስድስቱም የስርዓት ባለቤቶች ይቀመጡበታል። እኔ ስብሰባ የሚባል ነገር አልወድም። በዚያ ላይ ይሄኛው ማንንም አያስገድድም፤ ሁሉ ነገር በፈቃደኝነትና በስምምነት ነው፣ ቅጣት የለም። ግን ልብ በሉ፤ እዚያ የሚነሱት ጥያቄዎች ቀጥታ ኪሳችን ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ምልክቶቹ እንዳይረባበሹ ምን ይደረግ? አንድ ስልክ ሁሉንም እንዲሰማ ምን ይስማማ? ሰዓቱስ? ከኮሚቴው ቀድሞ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ከመቶ በላይ አገሮች የመጡ ተቋማት የየራሳቸውን መሬት ላይ የተተከለ መቀበያ መረጃ አዋጥተው፣ የሳተላይቶቹን ትክክለኛ መንገድ አስልተው ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይለቃሉ። ስለ እነሱ የሚያወራ የለም። እነሱም ዝም ብለው ይሠራሉ።

በዚህ ዘርፍ የምወደው ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በ1979፣ ቀዝቃዛው ጦርነት እንዳለ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ አውሮፕላን ሲወድቅ ወይም መርከብ ሲሰጥም የሚጮኸውን የአደጋ ምልክት በሳተላይት እናዳምጥ። ኮስፓስ ሳርሳት ይባላል። የመጀመሪያዋን ሳተላይት ሶቪየቶች በ1982 አመጠቁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ካናዳ ተራሮች መሃል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደቀች፤ የሶቪየቷ ሳተላይት ምልክቱን ሰማች፤ ሦስት ሰዎች በሕይወት ተገኙ። አውሮፕላኗ ራሷ የወጣችው ሌላ የጠፋ አውሮፕላን ፍለጋ ነበር። ዛሬ የአደጋ ምልክት መቀበያው ሎኬሽን በሚነግሩን ሳተላይቶች ላይ ተጭኖ ነው የሚዞረው፤ ጋሊሊዮ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ መልስ ይልካል፤ ባሕር መሃል የሚጮኸው ሰው መሣሪያ ላይ "ተሰምተሃል" የሚል ምልክት ይበራል። እስቲ አስቡት፣ ሰው በዚያ ሰዓት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ጂፒኤስ ነጻ የሆነበት ምክንያትም ከአደጋ ጋር ይያያዛል። በሴፕቴምበር 1983 መንገዱን የሳተ የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሶቪየት የአየር ክልል ገብቶ ተመታ፤ 269 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲያልቅ ለሲቪሉም በነጻ ክፍት እንደሚሆን ያሳወቁት። ክፍት ቢሆንም ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ይደረግ ነበር፤ እስከ 100 ሜትር። ያ የተቋረጠው በሜይ 2000 ነው። በአንድ ሌሊት የሁሉም መቀበያ ተሻለ፣ ማንም ምንም ሳይገዛ።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

መጀመሪያ ነገሩን ሳነብ "አራት አገር አንድ ዓይነት ነገር አራት ጊዜ መሥራቱ ብክነት ነው" ብዬ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው የብልሽቱ ታሪክ ነው። በኤፕሪል 2014 ግሎናሶች በሙሉ የተሳሳተ የቦታ መረጃ እየላኩ 11 ሰዓት ያህል ቆዩ። በጃንዋሪ 2016 አንዲት አሮጌ የጂፒኤስ ሳተላይት ከሥራ ስትወጣ ስህተት ተፈጠረና አንዳንዶቹ ሳተላይቶች የ13 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ያለው ሰዓት ለዓለም አሠራጩ፤ ሎኬሽን ብዙም አልተነካም፣ በዚያ ሰዓት የሚሠሩ የቴሌኮም መሣሪያዎች ግን ማስጠንቀቂያ ማንጫረር ጀመሩ። በጁላይ 2019 ደግሞ ጋሊሊዮ ለሳምንት ያህል ተቋረጠ። አንድ ሳምንት! ችግሩ ሰማይ ላይ አልነበረም፤ መሬት ላይ ያለው ሰዓትና የሳተላይት መንገድ የሚያሰላው ክፍል ነበር። እና ምን ሆነ? አብዛኛው የስልክ ባለቤት ነገሩን በዜና ነው የሰማው። ስልኩ ሌሎቹን ይዞ ቀጠለ። ተነጋግረው ባይናበቡ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር፤ አራት የተለያየ መሣሪያ ተሸክመን እንዞር ነበር።

ስለዚህ የያዝኩባቸው ኮከብ ስለ ብልሽቱ አይደለም። ስለ ዝምታው ነው። አገልግሎቱ ሲታመም ተጠቃሚው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ማስታወቂያ ያወጣሉ፣ እውነት ነው፤ ጂፒኤስም ጋሊሊዮም ሳተላይት ከሥራ ሲወጣ በድረ ገጻቸው ይለጥፋሉ፤ ጋሊሊዮ ማድሪድ አጠገብ የተጠቃሚዎች ማዕከል አለው፣ የጂፒኤስን ችግር ደግሞ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ይቀበላል። ግን የሚጽፉት ለባለሙያ ነው። ስልኬ ደግሞ መተማመኛውን ትቶ ነጥቧን ብቻ ያሳየኛል፤ በነጥቧ ዙሪያ ያለውን ሰማያዊ ክብ ስንቱ ነው የሚያየው? ክቡ ሲሰፋ "አላውቅም" እያለ ነው። አሮጌው ስልኬ ወንዙ ውስጥ ሲከተኝ እንኳ ክቡን ትንሽ አድርጎ በልበ ሙሉነት ነበር።

ሌላው የምልክቱ ድክመት ነው። ሳተላይቱ የሚያስተላልፈው ከተራ አምፖል ብዙ በማይበልጥ ኃይል ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው እንጥፍጣፊ ነው። ርካሽ ማወኪያ ይዞ የቆመ ሰው ሊያፍነው ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አስመስሎ መላክ ነው፤ ነጥባችሁ ተነስታ ሌላ ቦታ ትቀመጣለች። ቀልድ አይደለም፤ በ2024 የፊንላንዱ ፊንኤር በምልክት መታወክ የተነሳ ኢስቶኒያ ውስጥ ወዳለችው ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል አቋርጦ ነበር። ጋሊሊዮ መልእክቱ የእውነት ከሳተላይት መምጣቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ማስገባቱ ጥሩ ነው፤ አስመሳዩን ለመያዝ ይረዳል፣ አፋኙን ግን አያስቆምም። ምልክቶቹን አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሰበሰበው ያ ያደነቅኩት ስምምነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዱን ያፈነ ሦስቱን ያፍናል። ሁለተኛውን ፍሪኩዌንሲ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ የጋሊሊዮ ሳተላይቶች ስማቸውን ያገኙት የሥዕል ውድድር ካሸነፉ ሕፃናት ነው። ዶሬሳና ሚሌና የተባሉት ሁለቱ በ2014 ሲመጥቁ ሮኬቱ ያልታሰበ ምህዋር ላይ ጣላቸው፤ ክብ መሆን የነበረበት መንገዳቸው እንቁላል ሆነ። ለሎኬሽን አልተመቹም። ሳይንቲስቶቹ ግን አልጣሏቸውም፤ ወደ ምድር ሲቀርቡና ሲርቁ ሰዓታቸው እንዴት እንደሚቀያየር ለክተው የአንስታይንን ሐሳብ ከዚያ በፊት ከነበረው በተሻለ ጥራት ፈተኑባቸው። እንዲህ ያለ ውድቀት ይመቸኛል።

ስልክ ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እዩ። የመሣሪያው ዝርዝር ላይ የስርዓቶቹ ስም ይጻፋል፤ ከአጠገቡ ኤል1 (ቅድም ያልኳት 1575.42) ብቻ ነው ወይስ ኤል5ም አለ? ኤል5 ማለት 1176.45 ሜጋኸርዝ ነው፤ ጂፒኤስ፣ ጋሊሊዮ፣ ቤይዱና ናቪክ ሁሉም እዚያ ላይ ምልክት አላቸው። በሁለቱም የሚሠራ የመጀመሪያው ስልክ በ2018 የወጣው የሻኦሚ ሚ 8 ነው፤ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ ይገኛል፣ በሁሉም ግን አይደለም። ጋሊሊዮ ከ2023 ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጠው የ20 ሴንቲ ሜትር ጥራት ያለው አገልግሎት ሰምታችሁ ከሆነ አትቸኩሉ፤ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚመጣው፣ ተራ ስልክ አይሰማውም፣ ለቀያሽና ለእርሻ ማሽን ነው የሚጠቅመው። ሻጩ "ሎኬሽን አለው" ብቻ ብሎ ሊያልፍ ቢል አልዋሸም። የእኔም አሮጌ ስልክ ሎኬሽን አለው፤ ወንዙ ውስጥ።